አባ ተስፋ ጽዮንና የጐደለው መጽሐፍ

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ነበሩ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ አገራቸውን ትተው ወደ ኢየሩሳሌም ወረዱ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ሮማ ገቡ። በ1543 ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር ግራኝ ደብረ ታቦር ካለችበት ወገን፥ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ ሲሞት፥ እርሳቸው ገና በስደት ነበሩ።

በሮማ ሳሉ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሊያሳትሙ ተነሡ። አንድ ብራና ለመጻፍ ብዙ ወራት ያስፈልጋል፤ ማተሚያ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ያወጣል። ነገር ግን አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አያውቁም፤ መነኮሳቱም ፊደል መልቀም አያውቁም ነበር። ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዱ፤ ስለ ስሕተቱም አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ።

ከዚህ የሚብስ ችግር ነበረ። የያዙት የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ጐደሎ ነበረ። ስለዚህ የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክ መጻሕፍት ወደ ግዕዝ መለሱት። በ1548 እና በ1549 መጽሐፉ ሲታተም ግን ይህን አልሸሸጉም፤ የሚበዛው ክፍል በሮማ እንደ ተተረጐመ በዚያው መጽሐፍ ላይ ገልጠው ጻፉ።

ሐዋርያት በእጃቸው የጻፉት አልተገኘም፤ የቀረው ቅጂው ነው። በበጌምድር ብራና የሚጽፍ ደብተራ፥ ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲያልቅ ዓይኑ ይዘልና አንዱን መስመር ይተዋል፤ በግሪክ ጸሓፊዎችም እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ ሊቃውንት የግሪክን ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ያስተያያሉ፤ ከግሪክ የተተረጐሙትንም የጥንት መጻሕፍት ይጠይቃሉ። የግዕዙ ወንጌል በአክሱም ነገሥታት ዘመን ከግሪክ ተተርጕሟልና፥ ዛሬ ለጠፋ የግሪክ ቅጂ ምስክር ይሆናል።

የአባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፍ በ1657 በለንደን በብዙ ቋንቋ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገባ። በ1707 ደግሞ ዮሐንስ ሚል የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ፥ ቅጂዎች የሚለያዩበትን ሠላሳ ሺህ ያህል ስፍራ ሲሰበስብ የኢትዮጵያውንም ትርጓሜ ከምስክሮቹ ጋራ ቈጠረ።

እንግዲህ በሮማ የታተመው የሐዋርያት ሥራ ከላቲኑ ጋራ ቢስማማ ምን ይባላል? በሸንጎ ፊት ከሰው የሰማ ሰው እንደ ዓይን ምስክር አይቈጠርም። ይህም ቃል የላቲኑ መጽሐፍ ቃል ነው እንጂ የአክሱም ድምፅ አይደለም። ያንን ማስታወሻ ያላነበበ አንዱን ምስክር ሁለት ያደርገዋል። ያነበቡት ግን ያን ክፍል ለብቻ ለይተው፥ ለሐዋርያት ሥራ ከኢትዮጵያ የወጡትን የብራና መጻሕፍት መመርመር ጀመሩ።