ስሙ ከመጽሐፍ የተፋቀው ዘር ሰብሳቢ

ባለፈው የቁጠባ ቀን አንዷ እህታችን ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጇ የነገረቻትን አወጋችን። ተመራማሪ የሚመዘነው ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ሌሎች ስንት ጊዜ ዋቢ እንዳደረጉት ተቆጥሮ ነው አለችን። ሳቅን። ልክ እንደ እኛ የቁጠባ ደብተር ነው፤ ያልተመዘገበ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። በዚህ ዓይን ካየነው፣ አገራችንን የዞረ አንድ ትልቅ የጄኔቲክስ ተመራማሪ በገዛ አገሩ ለዓመታት ከምንም ሳይቆጠር ኖሯል።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ግብርና ተማረ፤ እንግሊዝም ሄዶ ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ለሳይንሱ ካወጣው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ሠራ። በ1920 በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሳለ፣ ዝምድና ያላቸው ሰብሎች ተመሳሳይ ልዩነቶችን እንደሚያሳዩ አስረዳ፤ በስንዴ የታየ ጠባይ በገብስም ቢፈለግ ይገኛል ማለት ነው። በ1926 ደግሞ የዓለም ሰብሎች ከየት ከየት እንደተነሡ የሚያሳየውን ሥራውን አሳተመ። ብዙ የተጠቀሰለት ይህ ነው።

በ1927 በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ አገር መጣ። አዲስ አበባ ላይ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ በበቅሎ ጉዞ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ ወደ አስመራ ወጣ። በየማሳውና በየገበያው በሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎችን ሰበሰበ። ጤፍ፣ ኑግ፣ ጥቁር ገብስ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ስንዴ አገኘ። አክሱም አካባቢ ጢም የሌለው የአገር ስንዴ ማግኘቱ በተለይ አስደንቆታል።

እዚህ ላይ የራሳችንን አንድ ነገር እንበል። ይህን ሁሉ ዓይነት ያቆየው ደጋው ብቻ አይደለም። ከአውድማ ላይ ያማረውን ዛላ ለይታ፣ ለብቻው በማሰሮ አድርጋ፣ ልጆቿ ቢርባቸው እንኳ የዘሩን እህል አልነካም ያለች ሴት አለች። የእሷ ሥራ በየትኛውም ዋቢ ዝርዝር አይገባም።

ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን የስንዴና የገብስ መነሻም አድርጓት ነበር። አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን በ1969 ይህን አረመ፤ ስንዴና ገብስ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ናቸው፣ እዚህ ግን እጅግ በዝተው ተለያይተዋል አለ። እኛ ይህን እንደ ውርደት አናየውም። ሥራው ለመታረምም ቢሆን መነሣቱ ሕያው መሆኑን ያሳያል።

ክፉው ነገር ሌላ ነው። በስታሊን ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ጄኔቲክስ ሐሰት ነው እያለ ተነሣ፤ መንግሥትም እሱን ደገፈ። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ዘር ፍለጋ ወጥቶ ሳለ ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። ጥር 1943 እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። እስር ቤቱ ያለው በዚያው ባስተማረበት በሳራቶቭ ከተማ ነው። ስሙን በበጎ አንሥቶ መጻፍ ሥራንም ነፃነትንም የሚያሳጣ ሆነ።

እሱ ታስሮ ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከኢትዮጵያ የተሰበሰበው ዘር የተላከው እዚያ ወደሚገኘው ተቋሙ ነበር። ሠራተኞቹ ሩዝና ኦቾሎኒ በታጨቀበት ቤት ውስጥ እየጠበቁ፣ አንዲት ፍሬ ሳይበሉ በርከት ያሉት በረሃብ ሞቱ። ይህን ስናነብ ያቺ የማሰሮዋ ሴት ትዝ አለችን።

በ1955 ከክሱ ነፃ መሆኑ ታወጀ፤ ጽሑፎቹም እንደገና ይታተሙ ጀመር። ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አዲስ አበባም በ1976 የራሷን የዘር ማኖሪያ ማዕከል አቋቁማለች።

እኛ የምንኖርበት የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመው በእርሻ መሬት ላይ ነው። ከመካከላችን ገበሬ ቤት ያደጋችሁ፣ እናቶቻችሁ ዘር እንዴት ይመርጡና በምን ያስቀምጡ እንደነበር ጽፋችሁ ለሚቀጥለው የቁጠባ ቀን አምጡልን። መጻፍ የሚቸግራችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን።