የዶክተሩ ቀስትና የእህቴ ልጅ

ባለፈው ሰሞን እህቴ ከሚኒሶታ ደወለችልኝ። ልጇ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በመጪው መኸር አጋዘን በቀስት ለማደን ተነሥቷል። ሊገዛ ያሰበውም ጓደኞቹ እንደያዙት ያለ ባለ 70 ፓውንድ ኮምፓውንድ ቀስት ነው። የእህቴ ልመና የሕግ ሰው እንደመሆኔ ሕጉ ይከለክላል ብዬ እንዳስተወው ነበር።

ችግሩ ሕጉ አይከለክልም። የሚኒሶታ ሕግ አጋዘን የሚታደንበት ቀስት ቢያንስ 30 ፓውንድ፣ ማለትም 14 ኪሎ ገደማ፣ የመሳብ ክብደት እንዲኖረው ይጠይቃል እንጂ ከዚህ አይብለጥ አይልም። ወለሉን ሕግ አስቀምጦታል፤ ጣሪያው ግን ለሰውየው ትከሻና ለሰውየው ኅሊና የተተወ ነው። እኔም በሕግ ፈንታ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ነገርኩት። እነሆ ለእናንተም፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳክስተን ፖፕ በ1875 በቴክሳስ በሚገኝ የጦር ሰፈር ተወለደ። አባቱ የሠራዊቱ ሐኪም ነበር። እሱም በአባቱ መንገድ ሄዶ በ1899 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያክም ኖሮ በ1912 ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት በቀዶ ሕክምና መምህርነት መጣ።

ከሆስፒታሉ ጎን ሙዚየም ነበር፤ በሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ይኖር ነበር። ሰውየው የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ተወላጅ ነው። ወገኖቹ ወርቅ ፍለጋውን ተከትለው በመጡ ሰፋሪዎች እጅ አልቀዋል። እሱ ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ለአሥርተ ዓመታት በተራራ ተደብቆ ከኖረ በኋላ ብቻውን ቀረ፤ በኦገስት 1911 ኦሮቪል ከምትባል ከተማ አጠገብ ተገኘ። የዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስቶች ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አምጥተው በሙዚየሙ አኖሩት። እውነተኛ ስሙን ለማንም ስላልተናገረ ከመካከላቸው አልፍሬድ ክሮበር በእሱው ቋንቋ ሰው ማለት የሆነውን ኢሺ የሚል መጠሪያ ሰጠው። ለአማርኛ ጆሮ ስሙ እሺ ከማለት ብዙም አይርቅም። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ፖፕ የኢሺ ሐኪም ሆነ፤ ኢሺ ደግሞ የፖፕ የቀስት መምህር። የኢሺ ቀስት አጭር ነበረች፤ ከጥድ ዘመድ እንጨት ተጠርባ ጀርባዋ በጅማት የተለበጠች፣ የመሳብ ክብደቷም ከ40 እስከ 50 ፓውንድ መካከል የሆነ። በሩቅ ዒላማ ላይ ኢሺ እዚህ ግባ የሚባል ተኳሽ አልነበረም። ጫካ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ከአደን በፊት ትንባሆና ዓሣ ይተዋል፤ ሽታው እንዳይቀድመው ገላውን ይታጠባል፤ የግልገል ድምፅ አስመስሎ አጋዘን ይጠራል። የቀስቱን ጉልበት ማነስ በቅርበት ያካክሰዋል ማለት ነው። አበው ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ፖፕ ግን የቤተ ሙከራ ሰው ነውና ጉልበትን መመዘን ወደደ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የሙዚየም ቀስቶችን እየሳበ ክብደታቸውን፣ ፍላጻው የሚደርስበትንም ርቀት ለካ። ቆይቶም የመምህሩን አጭር ቀስት ትቶ ወደ ረጅሙ የእንግሊዝ ቀስት ዞረ። አንድ ጊዜ የሙዚየሙን የብረት ሰንሰለት ጥሩር በሣጥን ላይ አልብሶ በ75 ፓውንድ ቀስት ቢወጋው ፍላጻው ጥሩሩን በስቶ አለፈ። ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በትንሽ ቀስት መርካት ይከብደዋል።

በ1920 ፖፕና ጓደኛው አርተር ያንግ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ገብተው ግሪዝሊ ድብ በቀስት ገደሉ። ፓርኩ አደን የተከለከለበት ነው፤ እነሱ ግን ለሳን ፍራንሲስኮ የሳይንስ አካዳሚ ናሙና እናመጣለን ብለው ልዩ ፈቃድ አግኝተው ነበር። ጠመንጃ የያዘ መሪም አብሯቸው ነበር። በ1923 ፖፕ በቀስት ስለማደን የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ የዛሬዎቹ የአሜሪካ ቀስት አዳኞች እንደ አባት የሚያዩት በዚሁ መጽሐፍ ምክንያት ነው። በ1925 ደግሞ ከደራሲው ስቱዋርት ኤድዋርድ ዋይት ጋር ታንጋኒካ ሄደው አንበሳ አደኑ። እዚያም ጠመንጃው ከጎን አልጠፋም። ጠመንጃ አጠገቡ የሚያስፈልገው ቀስት ከአቅሙ በላይ የተላከ ቀስት ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኢሺ ልመለስ። ኢሺ በማርች 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የሞተ ሰው አካል መቆረጡን አጥብቆ እንደሚጠላ ወዳጆቹ ያውቁ ነበር። ያን ጊዜ ኒውዮርክ የነበረው ክሮበርም አስከሬኑ እንዳይነካ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ዘግይቶ ደረሰ። ሐኪሙና ደቀ መዝሙሩ ፖፕ ምርመራውን ከደገፉት አንዱ ነበር። አስከሬኑ ተከፈተ፣ አንጎሉ ወጣ፣ የተረፈው ተቃጠለ። አንጎሉን ክሮበር ራሱ ኋላ ወደ ስሚዝሶኒያን ተቋም ላከው። ለሕንዳውያን ዘመዶቹ የተመለሰው በ2000 ነው። ፖፕ በ1920 የኢሺን የሕክምና ታሪክ ሲያሳትም የምርመራውን ውጤት ጨምሮበታል። የከለከለው ሕግ አልነበረም። ስሙ እሺ የሚመስለው ሰው ግን እሺ አላለም።

ይህን የማነሣው ፖፕን ለመክሰስ አይደለም። መምህሩን እንደሚወድ ከጻፈው ሁሉ ያስታውቃል። ለድቡ ፈቃድ ነበረው፤ ለአስከሬኑም የሚከለክለው አልነበረም። ሕግ ይቻላል ባለው ቦታ ሁሉ ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ዳኛ ከሌለ፣ ደግ ሰውም ይስታል ለማለት ነው። ፖፕ በ1926 በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜው 50 ነበር፤ እኔ ካለፍኩት በታች።

ከሞተ ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ የሚዙሪው ሆለስ ዊልበር አለን ለኮምፓውንድ ቀስት የፈጠራ መብት አገኘ። በቀስቱ ጫፎች ላይ የተገጠሙት ተሽከርካሪ ጎማዎች አውታሩ ከመሐል ሲያልፍ ክብደቱን ያቃልሉታል፤ ይህም ሌት-ኦፍ ይባላል። በፖፕና በያንግ ስም በ1961 የተቋቋመው ክለብ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሌት-ኦፉ ከ65 በመቶ በሚበልጥ ቀስት የተገደለ እንስሳ በመዝገቡ አያሰፍርም ነበር። ዛሬ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ጀማሪውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። 70 ፓውንዱ ቀስት ሙሉ በሙሉ ሲሳብ እጅ ላይ የሚቀረው 14 ፓውንድ ብቻ ነው ይሉታል። እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ሰባውን ፓውንድ፣ 32 ኪሎ የሚጠጋውን፣ ማለፍ አለበት፤ ያውም በብርድ፣ ካፖርት ለብሶ፣ አጋዘኑ እያየው።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ እንዲህ መከርኩት። ቀስት ከመግዛትህ በፊት ባለሙያ ወዳለበት ሱቅ ሂድና ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሳበው። ወደ ሰማይ ሳታነሣው፣ ዒላማው ላይ እንዳነጣጠርክ ቀስ ብለህ መሳብ ካቃተህ ያ ቀስት የአንተ አይደለም። ክንዶችህን ዘርግተህ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች አስለካና ለ2.5 አካፍለው፤ የመሳቢያ ርዝመትህን በግምት ይነግርሃል። የመጀመሪያ ቀስትህ ክብደቱም ርዝመቱም በሰፊው የሚስተካከል ይሁን፤ ጡንቻህ ሲጠነክር ትጨምርበታለህ። የትኛው ዓይንህ እንደሚያይልም አስመርምር። ፍላጻውን ለቀስቱ የሚስማማ አድርገህ ግዛ፤ ፍላጻ ሳትሰካበት አውታሩን ፈጽሞ አትልቀቅ፣ ቀስቱም ይሰበራል አንተም ትጎዳለህ። ስለታም ጫፍ ያለው ፍላጻ በ45 ፓውንድ ቀስት ከቅርብ በትክክለኛው ቦታ ሲመታ ለአጋዘን ይበቃል። በትክክል ካልያዝከው የ70 ፓውንዱ ፍላጻ አቁስሎ ይሰደዋል። ቆስሎ ጫካ ለሚሞት እንስሳ በየትኛውም ፍርድ ቤት ከሳሽ የለውም።

ጋሼ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል አለኝ። ይሳቁ፤ አጋዘኑ አይስቅም አልኩት።

በ45 ፓውንድ የተስተካከለ ቀስት ገዝቶ በየማታው ዒላማ እየወጋ ነው። ለዚህ መኸር ካልደረስኩ ሌላ ዓመት እጠብቃለሁ ብሏል። እናቱ ዛሬም ደስ አላላትም፤ ሕጉ ይከለክላል ባለማለቴም አልማረችኝም። እኔ ግን ለአንድ ወጣት ከክልከላ ይልቅ ጣሪያውን በራሱ እጅ መለካት መማሩ ይበልጥበታል ባይ ነኝ።

ሰላም ሰንብቱ።