ሥልጣን ማካፈልና ሙያ ማስተማር፤ ከዳግማዊ ምኒልክ የሥራ ዘመን

የዳግማዊ አጤ ምኒልክ ስም ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታወሰው የዐድዋ ድል ነው። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከድሉ ባላነሰ የሚያስተምር ሌላ የሕይወታቸው ምዕራፍ አለ፤ እርሱም ብቻቸውን ይዘውት የኖሩትን ሥራ ለሌሎች ለማካፈል የቆረጡበት ጊዜ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። አዲስ መሣሪያ ሲያዩ አሠራሩን ሳይመረምሩ የማያልፉ ሰው ነበሩ። በ1871 ዓ.ም. የመጣው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም የቅርብ አማካሪያቸው ሆነ።

በዘመናቸው ስልክና ቴሌግራፍ ተዘረጋ። መሣሪያው መንገዱን አሳጠረ እንጂ ውሳኔውን ከቤተ መንግሥት ደጅ አላወጣውም። እንዲያውም የሩቁ ሹም በሽቦው ጠይቆ ትእዛዝ መጠበቅ ቀለለው። ዳኝነቱም፣ ግብሩም፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው መጻጻፍም የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ይጠብቅ ነበር።

ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጤናቸው ታወከ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዘጠኝ ሚኒስትሮች ሾሙ። የጦሩ ሥራ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ የፍርዱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የጽሕፈቱ ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ተሰጠ። ሹመቱ በአንድ ቀን ታወጀ፤ በአዲሱ አሠራር የሠለጠነ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ግን በአንድ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ብዙው ጉዳይ በለመደው መንገድ ወደ ቤተ መንግሥት መመለሱ አልቀረም።

ምኒልክ ይህን ጉድለት ሳያውቁት አልቀሩም። በዚሁ ዓመታት በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ካህናቱ የባዕድ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለ ሠጉ፣ መምህራኑ ከግብጽ ኦርቶዶክሳውያን መካከል እንዲመጡ ተደረገ። ሆኖም ተማሪ ለፍሬ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ጽኑ ሕመም ንጉሠ ነገሥቱን ከሥራ አገደ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሚኒስቴሮቹ ግን ቀሩ፤ ትምህርት ቤቱም ቆይቶ ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑ ሰዎችን አፈራ።

ይህ ታሪክ ዛሬ በጎባም ሆነ በጎሮ ኮምፒዩተር ፊት ለተቀመጠ ሠራተኛና ለአለቃው ቅርብ ነው። አንዱ አለቃ ስሕተት ፈርቶ የመሣሪያውን አብዛኛውን አገልግሎት ይዘጋበታል፤ ሠራተኛውም ለጥቂቱም ለብዙውም ደጅ ይጠናል። ሌላው ሁሉን ከፍቶ ሳያስተምር ይተወዋል፤ ከዚያም በጥፋቱ ይወቅሰዋል። የገንዘብና የማኅተም ጉዳይ ጠባቂ ያሻዋል፤ ይህ አያከራክርም። ለቀረው ሥራ ግን እምነትና ትምህርት አብረው ሊሄዱ ይገባል፤ ትምህርቱም ሊጀመር የሚገባው አለቃው በደኅና ሳለ እንጂ ሲደክም አይደለም።