ዊልያም ሐንሰንና ባዶው የመዳብ ዕቃ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት በሚጻፍበት በዚህ ገጽ እኔ የመረጥሁት አሜሪካዊውን የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ሐንሰንን ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት፥ የሚባክነውን ኃይል ከመጥፋት በማዳኑ ለዓለም ትልቅ ጥቅም ያስገኘ ሰው በመሆኑ ነው።

ሐንሰን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ ፍሬዝኖ በተባለች ከተማ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በኋላም እዚያው አስተማሪ ሆነ።

ምኞቱ ኤሌክትሮኖችን በታላቅ ፍጥነት ማስሮጥ ነበር። ለዚህም በጣም አጭር የሆነ የኤሌክትሪክ ሞገድ አስፈለገው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሞገድ በተራ የሽቦ ጥቅል ሲሠራበት፥ ከኃይሉ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉም ወደ አየር ይበተናል። ስለዚህ ሐንሰን ሽቦውን ትቶ፥ ውስጡ ባዶ፥ ዙሪያው የተዘጋ የመዳብ ዕቃ ሠራ። በባዶ እንስራ አፍ ላይ ብናንጐራጕር፥ እንስራው አንዱን ድምፅ ለይቶ እንደሚያስተጋባ ሁሉ፥ ይህም ዕቃ ለመጠኑ የሚስማማውን ሞገድ ለይቶ በውስጡ ያመላልሳል። ኃይሉ የሚጠራቀመው በባዶው ቦታ፥ የሚጠፋው ግን በግድግዳው ስስ ገጽ ላይ ነው። እንግዲህ ቦታው ከግድግዳው ይልቅ ሲበዛ፥ መዳቡም ንጹሕና ልሙጥ ሲሆን፥ ብክነቱ እጅግ ይቀንሳል። ዕቃውም ከሩምባ ጭፈራ ስም ወጥቶለት ሩምባትሮን ተባለ።

በ1937 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ ራስልና ሲጉርድ ቫሪያን በዚሁ ዕቃ ተጠቅመው ክላይስትሮን የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፉ። ዩኒቨርሲቲው የሰጣቸው የዕቃ መግዣ 100 ዶላር ብቻ ነበር፤ ደመወዝም አልነበራቸውም። መሣሪያው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር ሥራ ጠቀመ።

ከጦርነቱ በኋላ ሐንሰን ከባልደረቦቹ ጋር፥ ቀዳዳ ባላቸው የመዳብ ሳሕኖች የተከፋፈለ ቱቦ ሠርቶ፥ በ1947 ዓ.ም. ኤሌክትሮኖችን እስከ 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አደረሰ። የሥራውንም ውጤት ለባሕር ኃይል የምርምር መሥሪያ ቤት ያስታወቀው በአራት ቃላት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን ዕድሜው አልረዘመም። የሳንባ ሕመም ጸንቶበት በ1949 ዓ.ም.፥ 40 ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው ዐረፈ። በ1966 ዓ.ም. ስታንፎርድ ላይ ሥራ የጀመረውን፥ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ማፋጠኛ አላየም። ከእርሱ ሥራ የተወለዱ መኪናዎች ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የካንሰር ሕሙማንን ሲያክሙም አላየም።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራ ስንሰማራ፥ ይጨመርልን ከማለታችን በፊት በእጃችን ያለው ጊዜና ጕልበት በየት በኩል እንደሚፈስ እንመርምር እላለሁ።