ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፤ ወፍጮውና ጠመንጃው

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ ሌሊት ድረስ አላስተኛንም። ነገሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት አዲስ ጥበብ ሰውን ቢጎዳ ማን ይጠየቃል የሚል ነበር። ገሚሶቻችን መሣሪያው ራሱ አስቦ ስለሚሠራ ጥፋቱም የራሱ ነው አልን። ከመካከላችን አንዱ የማጀቴ ልጅ ነው፤ እርሱ ግን በአገሩ ደም ሲፈስ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው ጦሩን ሳይሆን ጦሩን የወረወረውን ሰው መሆኑን አስታውሶን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እኛም የእርሱን አገር ይፋትን በስማቸው ማዕረግ ውስጥ ያስገቡትን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ታሪክ መመርመር የጀመርነው በማግሥቱ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሣህለ ሥላሴ የሸዋው ገዥ የወሰን ሰገድ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1813 በሰው እጅ ሲገደሉ እርሳቸው ገና ወጣት ነበሩ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ላይም ነበሩ። አልጋው ለታላቅ ወንድማቸው ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እርሳቸው ቀድመው ያዙት። የሸዋ ገዦች ቀድሞ መርድ አዝማች መባል ይበቃቸው ነበር፤ ሣህለ ሥላሴ ግን ንጉሥ ተባሉ፤ የሸዋ፣ የይፋት፣ የኦሮሞና የጉራጌ ንጉሥ። ሠላሳ አራት ዓመት ነገሡ። መቀመጫቸው አንኮበር፣ አንጎለላና ደብረ ብርሃን ነበረ። በችሎት ተቀምጠው የሕዝብ አቤቱታ ራሳቸው መስማታቸው በዘመናቸው ከተመሰገኑበት ነገር አንዱ ነው። የገዛ ዘመዶቻቸውን ግን በይፋት ጎንቾ በሚባለው አምባ አሥረው፣ ቁልፉን ለይፋቱ ገዥ ለወላስማ መሐመድ ሰጥተው ነበር። የዘመኑ ነገሥታት ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን ለማለፍ አልፈለግንም፤ የችሎቱን ወንበርና የአምባውን ሰንሰለት ያዘዘው አንድ ሰው ነውና። እነዚያንም እሥረኞች ኋላ ራሳቸው ፈትተዋቸዋል።

ንጉሡ የፈረንጅ ጥበብ ወዳጅ ነበሩ። በ1839 ክራፕፍና ኢዘንበርግ የተባሉ ሚሲዮናውያን አንኮበር ሲደርሱ፣ የንጉሡ ልብ ከስብከቱ ይልቅ ወደ እጅ ሥራው ያደላ ነበር። በዚያው ዓመት የመጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም የባሩድ መሥሪያ ይዞ በመምጣቱ ሞገስ አገኘ። የባሕር ማዶ ዕቃ የሚገባበት ዋናው በር ደግሞ ይህ ዛሬ የደሴ መኪና የሚያልፍበት የይፋት ቆላ ነበር። ከማጀቴ በስተ ደቡብ፣ ከታጁራ የተነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ በፋሬ ይገባና ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣል፤ ጨርቁና ጠመንጃው በዚያ ይመጣል፤ ባሪያውም በዚያው ይወርዳል። ወደ ሸዋ የሚገባ ጠመንጃ የንጉሡ ሀብት ስለ ነበር ያለ እርሳቸው ፈቃድ ማንም ሊያከማች አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ግን የወፍጮው ነገር ነው። አንድ የውጭ አገር ባለ እጅ በአንኮበር የውኃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ሴቶች እኩለ ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ላይ ጎንበስ ቀና እያሉ በሚፈጩበት አገር ውኃ እህል ሲፈጭ መታየቱ እልል የሚያሰኝ ነገር መሆን ነበረበት። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙትና ወፍጮው ቆመ። ወፍጮ ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ተቀጣ ማለት ነው። ጠመንጃው በዚያው ከተማ ሲገባ ግን ሰይጣን አለበት ብሎ የከሰሰው መኖሩን አላነበብንም።

በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በዚያው በታጁራና በፋሬ መንገድ ወጥቶ ሸዋ ገባ። ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ሦስት መቶ ጠመንጃና መድፎች ነበሩበት። ከአንኮበር አጠገብ መድፉ ሲተኮስ ንጉሡ ቆመው ተመለከቱ፤ መኳንንቱም ተደነቁ። በኖቬምበር 16 ቀን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። እንግሊዞች የፈለጉት የንግድ በር፣ ንጉሡ የፈለጉት መሣሪያ እንደ ነበር ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም።

በዚያው ዓመት ንጉሡ በኦሮሞ አገር ላይ ዘመቱ፤ ሐሪስም አብሮ ሄደ። የሆነውን በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል፤ መንደር ተቃጠለ፣ ወንዶች ተገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተማረኩ፣ ከብት ተነዳ። ከዘመቻው በኋላ ሐሪስ ስለ ምርኮኞቹ ለመነ፤ ንጉሡም እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተለቀቁ።

እዚህ ላይ ነው ክርክራችን ያበቃው፤ ቢያንስ እኛን የጻፍነውን አበቃን። ምርኮኞቹ በአንድ ቃል ከተለቀቁ፣ በአንድ ቃል ነበር የተያዙት። ጦሩና ጠመንጃው ከዚያ ቃል በፊትም በኋላም ያው ጦር፣ ያው ጠመንጃ ናቸው። ለሞቱት ግን የሚለምንላቸው ቢገኝም የሚመለስ ነገር አልነበረም። በሸዋ አንድ ከብት ቢሰረቅ አገሩ ለአውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ለተቃጠለው መንደር የተቀመጠ አውጫጭኝ ግን አልነበረም፤ አውጫጩ ማን ይሆን ነበር? አቤት የሚባለው ራሳቸው ንጉሡ ዘንድ ነውና።

ስለ ሐሪስም አንድ ቃል እንጨምር። ግድያውን አይቶ እንደ አረመኔ ሥራ ቆጥሮ ጽፏል። ሦስት መቶ ጠመንጃ አምጥቶ ለዚያው ንጉሥ ያስረከበው ግን ራሱ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ በ1844 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። መሣሪያ ሰጪውን ማንም አልጠየቀም፤ ሾሙት እንጂ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የጥንት ነገር ነው ይሉናል። በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በጥቅምት ወር፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአማራ ክልል ሰላማዊ ሰዎች በድሮን ጥቃት መሞታቸውን ገልጿል። ድሮን ሰው አይቀመጥበትም፤ አስተኳሹ ሩቅ ነው፤ ነገ ደግሞ ዒላማውን የሚመርጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሆናል ይባላል። ያን ጊዜ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ማላከክ ከዛሬው ይልቅ ይቀላል። የአንኮበር ካህናት ወፍጮውን ሲከሱ ቢያንስ ከልባቸው ሰይጣን ያለበት መስሏቸው ነበር፤ የእኛ ዘመን ሰው ግን መሣሪያው ውስጥ ከሰው ትእዛዝ በቀር ሌላ እንደሌለ እያወቀ ነው የሚከሰው። ያዘዘው፣ የገዛው፣ የሸጠው፣ የሠራው፣ እያንዳንዱ ስም አለው።

ክራፕፍ በ1842 ሸዋን ለቀቀ፤ ሐሪስ በ1843 ሄደ፤ ንጉሡ በዚያው በ1843 ከፈረንሳይ ጋር ደግሞ ውል አደረጉ። በ1847 ሲሞቱ አልጋውን ልጃቸው ኃይለ መለኮት ያዘ፤ የግምጃ ቤቱ ጠመንጃም አብሮ ተላለፈለት። በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ የልጅ ልጃቸውን ትንሹን ምኒልክን ማርከው ወሰዱ። አንኮበር ውስጥ ግን ሴቶቹ እኩለ ሌሊት እየተነሡ በድንጋይ ይፈጩ ነበር።