ፔዮ

ፔዮ (የትውልድ ስሙ ፒየር ኩሊፎርድ፤ ጁን 25 ቀን 1928 – ዲሴምበር 24 ቀን 1992 እ.ኤ.አ.) የቤልጅግ ኮሚክ ሠዓሊና ደራሲ ነበር። ስመርፎች የተባሉትን ሰማያዊ ድንኮች በመፍጠሩ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ፔዮ በብራስልስ፣ ስካርቤክ በተባለው ሰፈር ተወለደ። የብዕር ስሙ የመጣው አንድ ትንሽ ዘመዱ «ፒየሮ» የሚለውን የቁልምጫ ስሙን በትክክል መጥራት ስላቃተው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሲኒማ ቤት የፊልም አሳይ ረዳት ነበር። በ1945 በአንድ አነስተኛ የካርቱን ስቱዲዮ ተቀጥሮ ሠዓሊውን አንድሬ ፍራንኬንን ተዋወቀ። ስቱዲዮው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ ፔዮም ለተወሰኑ ዓመታት የማስታወቂያ ሥዕል እየሠራ ኖረ።

ጆዋን እና ፒርሉዊ

ጆዋን በመካከለኛው ዘመን የሚኖር የንጉሥ አሽከር ነው። ታሪኩ መጀመሪያ በጋዜጣ ይወጣ ነበር፤ በ1952 ግን በፍራንኬን እርዳታ ወደ ስፒሩ መጽሔት ተዛወረ። በ1954 ቀልደኛው ድንክ ፒርሉዊ ተጨመረ። ፔዮ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህን ተከታታይ ታሪክ ነበር።

ስመርፎች

ኦክቶበር 23 ቀን 1958 በታተመው የስፒሩ ዕትም፣ ስለ አንድ አስማተኛ ዋሽንት በሚተርክ የጆዋን ታሪክ ውስጥ፣ ዋሽንቱን የሠሩት ስመርፎች ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። ስማቸው በፈረንሳይኛ «ሽትሩምፍ» ነው። ፔዮ ከፍራንኬን ጋር ገበታ ላይ ሳለ ጨው እንዲያቀብለው ሊጠይቅ ፈልጎ ቃሉ ስለጠፋበት «ሽትሩምፍ» አለ፤ ሁለቱም ቃሉን በየዓረፍተ ነገሩ እያስገቡ ሲቀልዱ ዋሉ። «ስመርፍ» የሚለው ስም የመጣው ከሆላንድኛው ትርጉም ነው። ሰማያዊውን ቀለም የመረጠችው ሥዕሎቹን ታቀልም የነበረችው ባለቤቱ ኒን ናት።

ስመርፎቹ ለአንድ ታሪክ ብቻ የታሰቡ ነበሩ። አንባቢ ስለወደዳቸው ግን በ1959 የራሳቸውን ታሪክ አገኙ። ይህም ከመጽሔቱ መካከል ተገንጥሎና ታጥፎ ትንሽ መጽሐፍ በሚሆን ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ኢቫን ዴልፖርት በድርሰቱ ይረዳው ነበር። ከሁለቱ የጋራ ሥራዎች ታዋቂው፣ ለእያንዳንዱ መራጭ የተለያየ ተስፋ እየሰጠ ከተመረጠ በኋላ አምባገነን ስለሆነ ስመርፍ ይተርካል።

ዝናና ሸክም

ሥራው ሲበዛበት ፔዮ ወጣት ሠዓሊዎችን አሰባስቦ ስቱዲዮ አቋቋመ። በ1981 የሐና-ባርቤራ የቴሌቪዥን ካርቱን በአሜሪካ መታየት ሲጀምር ዝናው ዓለም አቀፍ ሆነ። ይሁን እንጂ አሻንጉሊት፣ ማስታወቂያና ፊልም መቆጣጠሩ የመሣያ ጊዜውን ወሰደበት፤ ጤናውም ደከመ። የሚወደው የጆዋን ታሪክ ከ1970 በኋላ በእጁ አዲስ መጽሐፍ አልወጣለትም።

ሞትና ውርስ

ፔዮ በ64 ዓመቱ በልብ ድካም በብራስልስ ሞተ። ልጁ ቲዬሪ ኩሊፎርድ የስመርፎችን ኮሚክ ቀጠለ። ለረጅም ዓመታት ተቋርጦ የነበረው የጆዋን እና ፒርሉዊ ተከታታይም ፔዮ ካረፈ በኋላ፣ በ1994፣ በሌሎች እጅ አዲስ መጽሐፍ ወጣለት።