የፈረስ ግልቢያን ለአካል ጉዳተኞች ያስተዋወቁት ሊስ ሃርቴል

ፈረስ በኢትዮጵያውያን ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያለው እንስሳ ነው። አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ ደግሞ አባ ነጋ በሚሉት የፈረስ ስሞቻቸው እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። በደቡባዊው የአገሪቱ ክፍልም ከከብትና ከግመል መንጋው ጎን ፈረስ የታወቀ እንስሳ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች የቦረናን ፈረስ በኢትዮጵያ ከተለዩት 8 የፈረስ ዝርያዎች መካከል አንዱ አድርገው መዝግበውታል።

ይሁን እንጂ ይህ እንስሳ ከጦር ሜዳ፣ ከጉግስና ከመጓጓዣነት ባሻገር የአካል ጉዳት የደረሰበትን ሰው ሚዛን ለማስተካከልና ጡንቻውን ለማጠንከር እንደሚያገለግል በሰፊው አይታወቅም። ዕውቀቱ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በዓለም እንዲሰራጭ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች መካከል ዴንማርካዊቷ ወይዘሮ ሊስ ሃርቴል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ወይዘሮ ሊስ እ.ኤ.አ ማርች 14 ቀን 1921 ከኮፐንሃገን አጠገብ በምትገኘው ሄለሩፕ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈረስ መጋለብ የተማሩ ሲሆን፣ በተለይ ያዘነበሉት ድሬሳዥ ወደተባለው የውድድር ዓይነት ነበር። በዚህ ውድድር የሚለካው ፍጥነት ወይም ዝላይ ሳይሆን ፈረሱ ተመልካች ልብ የማይላቸውን የጋላቢውን ጥቃቅን ምልክቶች ተከትሎ የታዘዘውን እርምጃ በትክክል መፈጸሙ ነው። ወይዘሮ ሊስ እ.ኤ.አ በ1943 እና በ1944 በተከታታይ የአገራቸው ሻምፒዮን ለመሆን በቁ።

በዚያው በ1944 ሴፕቴምበር ወር፣ ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ የ23 ዓመቷ ሻምፒዮን በልጅነት ልምሻ ወይም በፖሊዮ በሽታ ተያዙ። በወቅቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ነፍሰ ጡር ነበሩ። በሽታውን የሚከላከል ክትባት ገና አልተገኘም ነበር። የሳልክ ክትባት ውጤታማነቱ ተረጋግጦ ይፋ የሆነው ከ10 ዓመታት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ1955 ነው። ሕመሙ እጆቻቸውንና እግሮቻቸውን ከእንቅስቃሴ ውጪ ያደረገ ሲሆን፣ የወለዱት ሕፃን ግን ጤነኛ ነበር። ሐኪሞች በክራንች ተደግፈው ለመራመድ ከቻሉ እንደ ትልቅ ውጤት የሚቆጠር መሆኑን ነበር የገመቱት።

ወይዘሮ ሊስ በዚህ ግምት አልተወሰኑም። እጆቻቸውን ማንሳት፣ ጣቶቻቸውን ማዘዝና በክራንች መቆም ደረጃ በደረጃ እንደገና ተለማመዱ። ከጉልበታቸው በታች ያለው የሁለቱም እግሮቻቸው ክፍል ግን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሳይታዘዝላቸው ቀረ። ወደ ኮርቻ ለመውጣትም ሆነ ከኮርቻ ለመውረድ የሌላ ሰው እርዳታ ያስፈልጋቸው ነበር።

ይህ ጉዳት ለድሬሳዥ ጋላቢ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የግልቢያውን አሠራር ማወቅ ይጠይቃል። ጋላቢው ለፈረሱ ትዕዛዝ ከሚያስተላልፍባቸው መንገዶች ዋነኛው በእግሩ የፈረሱን ጎን በመጫን ነው። ወይዘሮ ሊስ ይህን ማድረግ ስለማይችሉ ትዕዛዛቸውን በጀርባቸው እንቅስቃሴና በሰውነታቸው ክብደት ማስተላለፍን ተለማመዱ። ጁቢሊ የተባለችው ባዝራም ይህን አዲስ ቋንቋ ተማረች። ባለቤቷና ባዝራዋ እ.ኤ.አ በ1947 ወደ ውድድር ተመልሰው በስካንዲኔቪያ የሴቶች ሻምፒዮና ሁለተኛ ደረጃን አገኙ።

የኦሎምፒክ በር ግን በዚያን ጊዜ ለሴቶች ዝግ ነበር። እስከ 1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ድረስ በድሬሳዥ እንዲሳተፉ የሚፈቀድላቸው የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ። ደንቡ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር የሚያሳየው፣ የስዊድን ቡድን በለንደን ያገኘው የወርቅ ሜዳሊያ ከአባላቱ አንዱ የመኮንንነት ማዕረግ የሌለው ሆኖ በመገኘቱ ምክንያት መነጠቁ ነው። ለ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ደንቡ ተሻሽሎ ሲቪሎችና ሴቶች ከወንዶች ጋር በእኩልነት እንዲወዳደሩ ተፈቀደ።

በሄልሲንኪ በድሬሳዥ ከተሳተፉት 4 ሴቶች አንዷ የነበሩት ወይዘሮ ሊስ የብር ሜዳሊያ አሸነፉ። በኦሎምፒክ የፈረስ ስፖርት በግል ውድድር ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ። የወርቅ ሜዳሊያው ባለቤት ስዊድናዊው መኮንን ሄንሪ ሴንት ሲር ወደ ሽልማቱ መድረክ እንዲወጡ ሲደግፏቸው በስፍራው የነበረው ሕዝብ ተመለከተ። ብዙዎች ሁለተኛ የወጡት ጋላቢ መራመድ የሚቸገሩ መሆናቸውን የተረዱት በዚያች ቅጽበት ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ የ1956ቱ ኦሎምፒክ በአውስትራሊያ ሜልበርን ሲካሄድ፣ አገሪቱ በነበራት ጥብቅ የእንስሳት ኳራንቲን ሕግ ምክንያት የፈረስ ውድድሩ ወደ ስቶክሆልም ተዛወረ። ወይዘሮ ሊስ በዚያም ሁለተኛ ሆነው ሌላ የብር ሜዳሊያ ወሰዱ። በአጠቃላይ 7 ጊዜ የዴንማርክ ሻምፒዮን የሆኑ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 5ቱን ያሸነፉት ከሕመማቸው በኋላ ነው።

የወይዘሮ ሊስ ታሪክ ከስፖርት መዝገብ አልፎ የጤና ባለሙያዎችን ትኩረት የሳበው በዚህ ውጤት ነው። የአንዲት ሴት የግል ጥረት የነበረው ነገር ለሌሎችም ሊሠራ እንደሚችል የተገነዘቡ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በተለያዩ አገሮች ሥራውን ጀመሩ። በኖርዌይ ባለሙያዋ ኤልሰቤት ቦድከር በ1950ዎቹ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን በፈረስ ማለማመድ ጀመሩ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ በ1969 የአካል ጉዳተኞች ግልቢያ ማኅበር ተመሠረተ። በኔዘርላንድስም በወይዘሮ ሊስ ስም የሚጠራ የአካል ጉዳተኞች የግልቢያ ድርጅት ተቋቁሟል። እርሳቸውም ከውድድር ውጪ ባለው ጊዜያቸው የግልቢያ ትርኢት በማቅረብ ለልጅነት ልምሻ ተጎጂዎች ገንዘብ በማሰባሰብና ሕክምናዊ ግልቢያን በማስተዋወቅ ተሳትፈዋል።

ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት የዘዴው ምስጢር በፈረሱ እርምጃ ውስጥ ይገኛል። ፈረስ በእርጋታ ሲራመድ የጋላቢውን ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ይህ እንቅስቃሴ ጤነኛ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል። በመሆኑም መራመድ የማይችል ሰው የመራመድን ስሜት በጀርባውና በሆዱ ጡንቻዎች አማካይነት ያገኛል። የፈረሱ ሰውነት ሙቀትም የተኮማተሩ ጡንቻዎች እንዲለቀቁ ያግዛል። ከሁሉ በላይ ሌላ ጊዜ ሰዎችን ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ በኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ሁሉንም ከላይ ሆኖ ይመለከታል።

ሥራው በአብዛኛው የተመሠረተው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። ለአንድ ጋላቢ ፈረሱን የሚመራ አንድ ሰው፣ በግራና በቀኝ እየሄዱ ጋላቢውን የሚደግፉ ሁለት ሰዎች እንዲሁም እንቅስቃሴውን የሚያዝ አሠልጣኝ ሊያስፈልጉ ይችላሉ። በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ ለመሆን ፈረስ መጋለብ መቻል ብቻውን አይበቃም። የጋላቢውን የጉዳት ዓይነት መረዳት፣ የፈረሱን የመደንገጥ ምልክት ቀድሞ ማየት፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ይጠይቃል። ግልቢያው በሐኪም ምርመራ ላይ ተመሥርቶ መጀመር ያለበት ሲሆን፣ የአከርካሪ ወይም የዳሌ አጥንታቸው ያልጸና እና በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለአደጋ እንዳይጋለጡ ጥንቃቄ ይደረጋል። የራስ ቁርም ግዴታ ነው።

ስፖርት ለአካል ጉዳተኛ ከመዝናኛ በላይ መሆኑ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በሮምና በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፉት ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ በማርች 1969 በደረሰባቸው የመኪና አደጋ መራመድ ከተሳናቸው በኋላ በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታክመዋል። በዚያም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ያስጀመሩት የአካል ጉዳተኞች ውድድር አካል በሆነው የቀስት ውርወራ በ1970 የተሳተፉ ሲሆን፣ በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ላይ ተሽከርካሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸንፈዋል። በፈረስ ግልቢያም ቢሆን አካል ጉዳተኞች ከ1996ቱ የአትላንታ ጨዋታዎች ወዲህ በፓራሊምፒክ ሳያቋርጡ እየተወዳደሩ ይገኛሉ።

የወይዘሮ ሊስን ሕይወት የለወጠው በሽታ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2013 በአፍሪካ ቀንድ በተከሰተው ወረርሽኝ በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ሕፃናት በልጅነት ልምሻ ተይዘዋል። አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በኦገስት 2020 ቢረጋገጥም፣ በቂ ክትባት ባልተዳረሰባቸው ስፍራዎች ከክትባት የሚመነጨው ዝርያ እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ በኢትዮጵያ ታይቷል። ከነገሌ ቦረና በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መስመር የሚኖረው አርብቶ አደር ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ሲንቀሳቀስ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ከቤተሰቡ ጋር መጓዝ ይቸግረዋል። የተሐድሶ አገልግሎት የሚሰጥ ማዕከል ከመንደሩ በራቀ ቁጥርም ጉዳቱ ይከብዳል።

ለዚህ ችግር ፈረስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ክትባትን፣ ክራንችንና የሐኪም ክትትልን አይተካም። ሆኖም እንስሳውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ኅብረተሰብ ባለበት አካባቢ ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት የሚያስፈልገው ግማሽ ዕውቀት አስቀድሞ ያለ ነው። የሚቀረው የሠለጠነ አሠልጣኝ፣ ጋላቢውን የሚመረምር የጤና ባለሙያ፣ ለጥ ያለ ሜዳ፣ የረጋ ፈረስና ጊዜያቸውን የሚሰጡ ጎረቤቶች ናቸው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የወጣ ሲሆን፣ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ በ2010 አጽድቃለች። እነዚህን ድንጋጌዎች በየወረዳውና በየከተማው ሥራ ላይ ለማዋል ኃላፊነት ላለባቸው አካላት የወይዘሮ ሊስ ሕይወት አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። የሄልሲንኪው ውጤት የተገኘው በጋላቢዋ ጽናት ብቻ አልነበረም። ለሴቶች ዝግ የነበረው ደንብ ባይሻሻል ኖሮ ጽናታቸው ወደ ውድድሩ ሜዳ አያደርሳቸውም ነበር፤ ወደ ኮርቻ የሚያወጣቸው ሰው ባይኖርም እንዲሁ።

ወይዘሮ ሊስ ሃርቴል እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 በ87 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በሕይወት በነበሩበት ዘመን የተጀመረው የበጎ ፈቃድ ሥራ ግን በበርካታ አገሮች ቀጥሏል። በየሳምንቱ ሥራቸውን አቋርጠው ወደ ፈረስ ማሠልጠኛዎች የሚሄዱ ፈቃደኞች አንዱ ልጓም ይዞ፣ ሌላው የልጁን ጉልበት ደግፎ፣ በእግሩ መሄድ ያልቻለን ልጅ በፈረስ እርምጃ ያራምዱታል።